«ያው ነው» ተብሎ የሚሰጥ ሆርሞን

መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ባዶ ካርቶን ይቀመጣል። «ልጄ፣ ይሄ አለ?» «እሱ እንኳ አልቋል እናቴ፣ ሌላ አለ፤ ያው ነው።» ደሴ ፒያሳም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ይህ ንግግር ለደም ግፊቱም ለጨጓራውም በየቀኑ ይደገማል። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው፤ ስሙ የተለያየ፣ ውስጡ አንድ የሆነ መድኃኒት ሞልቷል። በማረጥ ዘመን የሚወሰድ ሆርሞን ላይ ሲደርስ ግን «ያው ነው» ብዙ ነገር ይደብቃል። ካርቶኑ ውስጥ ያለው አንድ ሆርሞን ነው ወይስ ሁለት? በየቀኑ የሚወሰድ ነው ወይስ ከወር ውስጥ ለጥቂት ቀን? የሚዋጥ ነው ወይስ የሚለጠፍ?

እኛ ዘንድ የሆርሞን ዓይነት መቀየር ከሐኪም ክፍል ይልቅ ከሻንጣ ይጀምራል። ከጅዳ የመጣች ልጅ ለእናቷ የያዘችው የሚዋጥ ነው። እሱ ሲያልቅ ከአሜሪካ የሚላከው ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ይሆናል። በሦስተኛው ዙር እዚሁ የተገኘው ደግሞ የሚዋጥ ሆኖ መጠኑ ሌላ ነው። ስለዚህ በትልቁ ከተጻፈው የንግድ ስም ይልቅ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ያለውን የመድኃኒቱን ስምና ሚሊ ግራሙን ማንበብ፣ ካልተቻለም ማስነበብ ያስፈልጋል። ደብተር ላይ ገልብጦ መያዝ ደግሞ ይበልጣል፤ ካርቶን ይጣላል።

ሁለቱ ሆርሞኖች የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ኢስትሮጅን ከደረት ተነሥቶ ፊት ላይ የሚወጣውን ወላፈን፣ በደሴ ብርድ እንኳ ጋቢ የሚያስጥለውን የሌሊት ላብ፣ የብልት ድርቀቱን ያስታግሳል፤ አጥንትም እንዳይሳሳ ይረዳል። ፕሮጄስትሮን የሚሰጠው ለማህፀን ነው። ኢስትሮጅን ብቻውን ወር ከወር ሲወሰድ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ቡሃቃ ውስጥ እንዳለ ሊጥ እየተነፋ ይሄዳል፤ የሚያወርደው ካጣ ከጊዜ በኋላ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። ማህፀኗ በቀዶ ጥገና የወጣላት ሴት አብዛኛውን ጊዜ ኢስትሮጅን ብቻ ይበቃታል። ማህፀን ያላት ሁለቱንም ትወስዳለች።

መድኃኒት ሲቀየር መንገድ ላይ የሚወድቀው ታዲያ ፕሮጄስትሮኑ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ወላፈኑን ያቆመው ኢስትሮጅን ስለሆነ ሰው የሚፈልገው እሱን ነው። ፕሮጄስትሮኑ በሌላ ካርቶን ይመጣል፣ ሆድ ይነፋል፣ ያስከፋል፣ ቀርቷል የተባለውን ደም ይመልሳል። የሚዋጠው ክኒን ብዙ ጊዜ ሁለቱን በአንድ ላይ የያዘ ነው፤ ከውጭ የሚላከው የሚለጠፍ ግን አብዛኛው ኢስትሮጅን ብቻ ነው። «የሚዋጠውን ትቼ የሚለጠፈውን ጀመርኩ» የምትል ሴት ሳታውቀው ግማሹን መድኃኒት አቋርጣ ሊሆን ይችላል። ምንም አይሰማትም፤ እንዲያውም ይሻላታል። አሳሳቹ ነገር ይኸው መሻሉ ነው።

አንዱን ማሸጊያ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ከዓረብ አገር ከሚመጡት መካከል 21 ፍሬ የያዘ አለ፦ 11ዱ ነጭ፣ 10ሩ ፈዘዝ ያለ ቡናማ። ነጩ ኢስትራዲዮል ቫሌሬት የተባለ የኢስትሮጅን ዓይነት 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ቡናማው ያንኑ 2 ሚሊ ግራም ይዞ ኖርጄስትሬል የተባለ የፕሮጄስትሮን ዓይነት 0.5 ሚሊ ግራም ተጨምሮበታል። 21ዱ ሲያልቅ 7 ቀን ይታረፋል፤ ደሙም በዚያ መሀል ይመጣል። ነጩ «ደም የማያመጣው»፣ ቡናማው «ደም የሚያመጣው» መሆኑን ያስተዋለች ሴት ነጩን ብቻ እየለየች ብትውጥ፣ ወይም እህትማማቾች አንዱን ማሸጊያ በቀለም ቢካፈሉት፣ ነጭ የደረሳት ያለ መከላከያ ቀረች ማለት ነው። ፍሬዎቹ ዕጣ አይወጣባቸውም፤ በተደረደሩበት ቅደም ተከተል ነው የሚዋጡት።

ሌላው መሳሳቻ ሉፕ ነው። ሌቮኖርጄስትሬል የተባለ ሆርሞን 52 ሚሊ ግራም የያዘው ሉፕ በማህፀን ውስጥ ሆኖ የፕሮጄስትሮኑን ሥራ ይሠራል፤ ለዚህ አገልግሎት 5 ዓመት ይቆጠርለታል። የመዳቡ ሉፕ ግን ሆርሞን የሚባል ነገር የለውም፤ እርግዝናን ይከላከላል እንጂ የማህፀን ሽፋንን አይጠብቅም። «ሉፕ አለኝ» ላለች ሴት ቀጣዩ ጥያቄ «የትኛው?» መሆን አለበት፤ የቀጠሮ ካርዱ ከተገኘ ይታይ። ክንድ ላይ የሚቀበረውም ሆነ የሦስት ወሩ መርፌ ለዚህ ሥራ የተፈቀዱ አይደሉም። ደግሞም ሁለቱም የወር አበባን ሊያጠፉ ስለሚችሉ ሴትዮዋ ማረጧንና አለማረጧን መለየት ያስቸግራል።

ወደ መጠን ስንመጣ፣ ሚሊ ግራምና ማይክሮ ግራም የሚያደናግሩት እዚህ ላይ ነው። 1 ሚሊ ግራም 1,000 ማይክሮ ግራም ነው። ክኒኑ 1 ወይም 2 ሚሊ ግራም ሲሆን የሚለጠፈው 25፣ 50፣ 75 ወይም 100 ማይክሮ ግራም በ24 ሰዓት ይላል። «ሃምሳው ከሁለቱ ይበልጣል» ብሎ መፍራትም፣ «ማይክሮ ስለሆነ ምንም አያደርግም» ብሎ ሁለት መለጠፍም ስህተት ነው። የሚዋጠው በጉበት በኩል ሲያልፍ አብዛኛው እዚያው ስለሚቀር ብዙ ይሰጣል፤ በቆዳ የሚገባው በቀጥታ ደም ውስጥ ስለሚደርስ ትንሽ ይበቃል። የእንግሊዝ ሐኪሞች የሚሠሩበት ግምት 2 ሚሊ ግራም የሚዋጥ ኢስትራዲዮልን ከ50 ማይክሮ ግራም ልጥፍ፣ ቆዳ ላይ ከሚቀባውና ማውጫው አንዴ ሲጫን 0.75 ሚሊ ግራም ከሚሰጠው ጄል ደግሞ ሁለት ጊዜ ከመጫን ጋር ያስተካክላል። አሜሪካኖቹ 50ውን ልጥፍ ወደ 1 ሚሊ ግራም ክኒንና ወደ 0.625 ሚሊ ግራም ኮንጁጌትድ ኢስትሮጅን ያስጠጉታል። ልዩነቱ የሚነግረን ስሌቱ የሱቅ ሚዛን አለመሆኑን ነው፤ ከአንዷ ሴት ወደ ሌላዋ ቆዳውም ጉበቱም ይለያያል። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ኢስትራዲዮል ቫሌሬት 2 ሚሊ ግራም ሲባል በውስጡ ያለው ኢስትራዲዮል ወደ 1.5 ሚሊ ግራም ነው።

መጠኑ ከፍ ሲል ፕሮጄስትሮኑም መታየት አለበት። በ50 ልጥፍ ላይ ሌሊት ሌሊት 100 ሚሊ ግራም ፕሮጄስትሮን የሚበቃት ሴት ልጥፉ 100 ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ 200 ያስፈልጋታል። ልጥፉን ብቻ አሳድጎ የፕሮጄስትሮን ካፕሱሉን እንደነበረ መተው ከወራት በኋላ ደም ሆኖ ይመለሳል።

አሁን ወደ አወሳሰዱ። የወር አበባዋ ገና እየመጣ፣ እየቀረ፣ እየተዛባ ያለች ሴት ኢስትሮጅኑን በየቀኑ፣ ፕሮጄስትሮኑን ግን ከወሩ ውስጥ ከ12 እስከ 14 ቀን ትወስዳለች። ለምሳሌ 200 ሚሊ ግራም ፕሮጄስትሮን ማታ፣ ወይም 10 ሚሊ ግራም ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን። የፈረንጅ ካላንደር ወሩን 30፣ 31፣ 28 እያለ ያወዛግባል፤ የእኛው ዘመን አቆጣጠር ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። በልደታ ጀምሮ በሚካኤል መጨረስ ልክ 12 ቀን ነው። 14 የታዘዘላት እስከ አቡነ አረጋዊ ትቀጥል። ጳጉሜን ላይ ኢስትሮጅኑን ብቻ እየወሰደች መስከረም 1 እንደገና ትጀምር፤ አምስትና ስድስት ቀን የሚያጎድለው የለም። በጨረቃ የምትቆጥር ሴት ደግሞ ጨረቃዋ ከታየችበት ማታ አንሥታ 14 ሌሊት ትቁጠር፤ ጨረቃዋ ስትሞላ ጨረሰች ማለት ነው። የሚረሳ ቀን የሚበዛው መቁጠሪያው ከሰው ኑሮ ጋር ሳይገናኝ ሲቀር ነው፤ ማዘዣ ላይ «ዴይ 1–12» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ የማን ቀን አንድ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ካፕሱሉ ሲተኙ ነው የሚወሰደው፤ ያዞራል፣ ያስተኛልም። ከምግብ ጋር ሲሆን ወደ ደም የሚገባው ስለሚጨምር ከእራት ራቅ ይበል። እንቅልፍ ያጣች ሴት ይህን ጉዳቱን እንደ ጥቅም ትቆጥረዋለች፤ አልፈርድባትም። አንዳንዱ ካፕሱል በኦቾሎኒ ዘይት የተሠራ ስለሆነ ኦቾሎኒ የማይስማማት አስቀድማ ታስነብብ። በጾምም በረመዳንም ይህ አወሳሰድ አያስቸግርም፤ ሰዓቱ ማታ ነው።

ያረጠች ሴት ሁለቱንም በየቀኑ ያለማቋረጥ መውሰድ ትችላለች፤ ያኔ ደም እንዲመጣ አይጠበቅም። ፕሮጄስትሮን 100 ሚሊ ግራም በየማታው፣ ወይም ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን ከ2.5 እስከ 5 ሚሊ ግራም፣ ወይም ኖርኤቲስቴሮን 1 ሚሊ ግራም። ጥያቄው መቼ እንደሚሻገሩ ነው። ማረጥ የሚባለው 12 ወር ሙሉ ያለ ወር አበባ ሲያልፍ ነው፤ በየወሩ መድኃኒቱ ራሱ ደም እያመጣባት ያለች ሴት ግን ይህን 12 ወር ከየት አምጥታ ትቆጥራለች? ስለዚህ ዕድሜ ይታያል፦ ወደ 54 ሲደርስ፣ ወይም በየወሩ ደም በሚያመጣው አወሳሰድ ላይ 5 ዓመት ሲሞላ መሻገር የተለመደ ነው። ቀድሞ መሻገር ቅጣቱ ቀላል ቢሆንም አሰልቺ ነው። ኦቫሪዋ ገና አልፎ አልፎ እየሠራ ስለሆነ ደሙ ያለ ቀጠሮ፣ ጠብ ጠብ እያለ ይመጣል። ሴትዮዋም መድኃኒቱ አልተስማማኝም ብላ ሁሉንም ትጥላለች፤ ያልተስማማት ጊዜው ነበር።

አሻጋገሩ ይህን ይመስላል። የመጨረሻው የ12 ቀን ዙር እስከ ሚካኤል ይጠናቀቃል። ደሙ መጥቶ ይለፍ። ከዚያ በየቀኑ የሚወሰደው ይጀመራል። ኢስትሮጅኑ በዚህ ሁሉ መሀል አንድም ቀን አይቋረጥም። ዙሩን በእኩሌታ ላይ መቁረጥ ሽፋኑን ሳያራግፉ አዲስ መጀመር ስለሚሆን ለተዛባ ደም ይዳርጋል።

ከሚዋጠው ወደ ቆዳ መሻገር ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። የሚዋጥ ኢስትሮጅን ጉበትን አልፎ ሲሄድ ደም የሚያረጉትን ንጥረ ነገሮች ያበዛል፤ የእግር ደም ሥር መርጋትን የሚያመጣው ይህ ነው። በመደበኛ መጠን በቆዳ የሚወሰደው ይህን አደጋ ሲጨምር አልታየም። ክብደቷ የበዛ፣ ከቤተሰቧ ደም የረጋበት ያለ፣ ብርሃን ብልጭ ብልጭ እያለ የሚጀምር ማይግሬን ያለባት፣ የደም ቅባቷ ከፍ ያለ፣ የሐሞት ጠጠር ያስቸገራት ሴት በቆዳ ብትወስድ ይመረጣል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ፣ ጉልበት አጥፎ መቀመጥ ለእግር ደም ሥር ጥሩ ነገር አይደለም፤ የሚውጡት በየዕረፍቱ ወርደው ይራመዱ። አንዱ ባት ብቻ አብጦ ካመመ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ግን ያኔውኑ ሐኪም ቤት ነው።

የመጨረሻው ክኒን በተዋጠ ማግስት ልጥፉ ይለጠፋል፤ በተገላቢጦሽም ልጥፉ በሚነሣበት ቀን ክኒኑ ይጀመራል። የፕሮጄስትሮኑ ዙር በነበረበት ይቀጥላል። ከዚያ ሦስት ወር ይጠበቃል። በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ መጠን መጨመር፣ በአምስተኛው ደግሞ ዓይነት መቀየር፣ ምኑ እንደረዳና ምኑ እንደጎዳ እንዳይታወቅ ያደርጋል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር።

ልጥፉ እንደ ዓይነቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ወይም አንድ ጊዜ ይቀየራል። ቦታው ከወገብ በታች፣ ዳሌ ወይም መቀመጫ ላይ ነው፤ ጡት ላይ ፈጽሞ አይለጠፍም። መቀነት የሚያርፍበት መስመር ላይ ከሆነ እየታሸ ይላጣል። ቅቤ፣ ቫዝሊንም ሆነ ሎሽን የነካው ቆዳ አይይዘውም። የኮምቦልቻ ሙቀትና ላብም ጠርዙን ያነሣዋል፤ ለጥፎ በመዳፍ ለአሥር ሰከንድ ያህል ጫን ማለት ብዙ ይረዳል። በየጊዜው ጎን ይለዋወጣል፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደጋገም ያሳክካል።

ወይባ ጭስ የምትሞቅ ሴት በተለይ ትስማ። ሙቀት ከልጥፉ ወደ ሰውነት የሚገባውን ሆርሞን ያፋጥናል፤ ላቡ ደግሞ ልጥፉን ያወርደዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጭሱ ልጥፍ በሚቀየርበት ቀን ይሁን። አሮጌውን አንሥቶ፣ ጭሱን ሞቆ፣ ታጥቦ፣ ቆዳው በርዶ ሲደርቅ አዲሱን መለጠፍ። ወሎ ላይ ሆኖ ወይባ ተዉ ማለት የማይሰማ ምክር ነው፤ ቀን ማስተካከል ግን ይቻላል።

ጄል የያዘች ሴት ደግሞ ከከሰል ምድጃዋ ራቅ ትበል። ጄሉ አልኮል አለበት፤ እስኪደርቅ አምስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ እስከዚያ እሳት ሊይዝ ይችላል። ቡና ልታፈላ ከመቀመጧ በፊት ክንዷ ወይም ጭኗ ላይ ቀብታ፣ አድርቃ፣ እጇን በሳሙና ታጥባ መሆን አለበት። የተቀባው ቦታ ለአንድ ሰዓት አይታጠብም፤ የታቀፈ የልጅ ልጅም ቆዳው እንዳይነካው በልብስ ይሸፈን።

ሌሎች መድኃኒቶችም ነገሩን ይለውጡታል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን፣ ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ እንዲጨርሰው ያደርጋሉ። «ሲሠራልኝ ኖሮ አቆመ» የምትል ሴት አዲስ የጀመረችው መድኃኒት ካለ ትጠየቅ። እንቅርቷን ታክማ ሌቮታይሮክሲን የምትወስድም ከሚዋጥ ኢስትሮጅን ወደ ቆዳ ወይም በተቃራኒው ስትሻገር የታይሮይድ ምርመራዋን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ትድገም፤ የሚዋጠው ኢስትሮጅን የሚያስፈልጋትን የታይሮይድ መድኃኒት ስለሚጨምር የነበረው መጠን ሊያንሳት ወይም ሊበዛባት ይችላል።

ላብ ሁሉ ደግሞ ማረጥ አይደለም። ኮምቦልቻ ወባ የሚገኝበት ነው፤ ብርድ ብርድ ብሎ የሚያልብ ሰው ደሙ ይታይ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ ክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ ሲገናኙ አክታ መመርመር እንጂ ልጥፍ ማሳደግ መልስ አይሆንም።

ሆርሞኑ ሲጠፋ የወሊድ መከላከያ ክኒን መተኪያ ይመስላል፤ «እሱም ሆርሞን አይደለም?» ይባላል። ነው፤ ግን ውስጡ ያለው ኤቲኒል ኢስትራዲዮል የተባለው ዓይነት እጅግ ብርቱ ነው፤ ከ50 በላይ ለሆነች፣ በተለይም ግፊት ላለባት ሴት አይሆንም። ሆርሞኑ ለጥቂት ሳምንት ቢቋረጥ ወላፈኑ ይመለሳል፣ ትንሽ ደምም ሊታይ ይችላል፤ ከዚህ ሌላ አደጋ ስለሌለው ባልሆነ ነገር ከመተካት መጠበቅ ይሻላል። በተቃራኒው የማረጥ ሆርሞን እርግዝና አይከላከልም። የመጨረሻው ወር አበባ ከ50 ዓመት በፊት ከሆነ ሁለት ዓመት፣ ከ50 በኋላ ከሆነ አንድ ዓመት መከላከያ ያስፈልጋል።

«ካንሰር ያመጣል» የሚለው ፍርሃት እ.ኤ.አ. በ2002 ከተቋረጠ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ነው የተስፋፋው። የተሞከረው የሚዋጥ ኮንጁጌትድ ኢስትሮጅን 0.625 ከሜድሮክሲፕሮጄስትሮን 2.5 ሚሊ ግራም ጋር ሲሆን፣ የሴቶቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር። የጡት ካንሰር ጭማሪው ከ10,000 ሴቶች በዓመት 8 ነው። ቁጥሩ ዜሮ ስላልሆነ መደበቅ አይገባም፤ ግን በ50 ዓመቷ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ለምታነጋ ሴት በራሱ እምቢ ማስባል የለበትም። የጡት ካንሰር የነበረባት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት፣ ጉበቷ የታመመ፣ በቅርቡ ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም የመታት ግን ሻንጣ ውስጥ የመጣላትን ካርቶን አትክፈተው።

የቀረው ደሙ ነው። በየቀኑ ሁለቱንም ከጀመሩ ወይም ዓይነት ከቀየሩ በኋላ ባሉት ከ3 እስከ 6 ወራት ጠብ ጠብ ማለት የተለመደ ነው። ከስድስት ወር ካለፈ፣ ወይም ጠፍቶ ከቆየ በኋላ ተመልሶ ከመጣ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ብዙ ከሆነ፣ እንደገና ዓይነት በመቀየር አይታለፍም። በአልትራሳውንድ የማህፀን ሽፋን ውፍረት ይለካል፤ ካስፈለገም ናሙና ይወሰዳል። ወደ ሐኪም ሲኬድ የሚያዘው ሦስት ነገር ነው፦ የተዋጠበት ማሸጊያ ባዶውም ቢሆን፣ ደም የታየባቸው ቀኖች ምልክት የተደረገባቸው ካላንደር፣ እና የሉፕ ካርድ ካለ እሱ። ካላንደሩ ላይ ፕሮጄስትሮን የተረሳባቸው ቀኖችም ምልክት ይደረግባቸው፤ ሐኪሙ ከደሙ ቀን ጎን የሚፈልገው እነሱን ነው።